«ዝም ቢሉ ይሻላቸው ነበር» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የከረመ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው በ1930ዎቹና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ስለበቀሉት ፋሺስቶች ነው። እነሱን ለመግታት የአይሁድ ማኅበረሰብ ስላደረገው ጥረትም ይተርካል። ለእኔም «እስቲ አንብበው» እየተባለ ተልኮልኛል። ጽሑፉ ለዛ አለው። በአማርኛ ብዙም ያልተነገረ ታሪክ ማንሳቱም ደስ ይላል። ድምዳሜው ግን ስህተት ነው። የሩቅ ሀገር የድሮ ወሬ ነው ብዬ እንዳላልፈው ደግሞ አንባቢው ይዞት የሚሄደው ምክር «ሊያጠፋህ የሚዝትብህን ዝም በለው» የሚል ነው። ይህ ምክር ሰው ያስገድላል።

መጀመሪያ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላዛባ ላስቀምጥ። እሳቸው እንደሚሉት የአሜሪካ ፋሺስቶች ጥቂት ቀልደኞች ነበሩ፤ ከፉከራ ያለፈ አቅም አልነበራቸውም። የአይሁድ ድርጅቶች ግን በአንድ እጅ እየተመሩ ጎረቤቶቻቸውን ሰለሉ፤ ሕግን በእጃቸው አስገቡ። ገንዘቡ የመጣው ከሆሊውድ ሀብታሞች ነው፤ እነሱም የሚያስቡት ለገበያቸው ነበር። የጥረቱ ሁሉ ፍሬ የ1944ቱ የአመፅ ቅስቀሳ ክስ ነው፤ እሱም የመናገርን ነጻነት ጎድቶ ራሱም ከሸፈ። በመጨረሻም ፋሺስቶቹን ያቆማቸው የመንገድ ላይ ቡጢና ጦርነቱ ነው። ስለዚህ ማኅበረሰቡ ዝም ብሎ ነገሩን ለመንግሥት ቢተው ይሻለው ነበር ይላሉ። (ዓመቶቹንም ወራቱንም በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

«ጥቂት ነበሩ» በሚለው ልጀምር። ቁጥሩ ላይ አልከራከርም። ከቡድኖቹ ዋነኛ የነበረው የጀርመን አሜሪካ ቡንድ መዋጮ ከፋይ አባላቱ ወደ 25 ሺህ ይገመታሉ። ከ130 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት ሀገር ይህ ኢምንት ነው። ነገር ግን ፋሺዝም መቼ ነው በብዙ ሰው የጀመረው? በ1921 የጣሊያን ምርጫ የሙሶሊኒ ሰዎች ከ535 መቀመጫ ያገኙት 35 ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ላይ ሙሶሊኒ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ከዚያ 13 ዓመት ቆይቶ ጦሩ መረብን ተሻገረ፤ የቀረውን እኛ እናውቀዋለን። የናዚ ፓርቲም በ1928 ያገኘው ድምፅ 2.6 በመቶ ነበር። በ1932 ሐምሌ ላይ 37 በመቶ ደረሰ። ሎስ አንጀለስና ኒውዮርክ የነበሩ አይሁዶች ይህን በየቀኑ በጋዜጣ እያነበቡ ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለታቸው ፍርሃት የወለደው ማጋነን አልነበረም።

የአባል ብዛት ደግሞ ሁሉን አይናገርም። አባ ቻርለስ ካፍሊን የሚባሉት የሚሺጋን ካህን በሬዲዮ የሚያዳምጣቸው ሕዝብ በሚሊዮን ይቆጠር ነበር። በ1938 መጽሔታቸው «የጽዮን ሽማግሌዎች» የሚባለውን፣ አይሁዶች ዓለምን ለመግዛት ያሤራሉ የሚል የፈጠራ ሰነድ እያከታተለ አወጣው። የእሳቸውን ቃል ሰምቶ የተደራጀው «የክርስቲያን ግንባር» ነበር። በጥር 1940 ኤፍቢአይ ከዚህ ቡድን 17 ሰዎችን ኒውዮርክ ላይ ሲይዝ ጠመንጃና በእጅ የተሠሩ ቦንቦች አብረው ተገኙ። እርግጥ ነው፣ ፍርድ ቤት አንዳቸውንም አልቀጣም። ጸሐፊው ይህን ማንሳታቸው ትክክል ነው። ቦንቡ ግን ቀልድ አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ወደ ስለላው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ከምንም በላይ የዘለሉት አንድ ሰው አለ፦ ሊዮን ሉዊስ። ሉዊስ ጠበቃ ነበር። የአንታይ ዲፋሜሽን ሊግ የመጀመሪያው ብሔራዊ ጸሐፊ ሆኖ ሠርቷል። ይህ ድርጅት በ1913 የተቋቋመ፣ በአይሁዶች ላይ የሚደረገውን ስም ማጥፋት የሚታገል ነው። ሉዊስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ ዘምቷል። ሎስ አንጀለስ ከገባ በኋላ የጦር ጉዳተኞችን በማኅበራቸው በኩል ይረዳ ነበር፤ መንግሥት የሚከፍላቸውን ጥቅም እንዲያገኙ ወረቀታቸውን ይሠራላቸዋል።

በ1933 ክረምት «የአዲሲቱ ጀርመን ወዳጆች» የሚባል የናዚ ቡድን ሎስ አንጀለስ ውስጥ ስብሰባ መጥራት ጀመረ። ያነጣጠረው በማን ላይ ነበር? በኢኮኖሚው ውድቀት ጥቅማቸው በተቀነሰባቸው፣ ሥራ በፈቱና በተማረሩ የቀድሞ ወታደሮች ላይ። ሉዊስ እነዚህን ሰዎች በስማቸው ያውቃቸዋል። ምን እየተዶለተ እንደሆነ የገባውም ለዚህ ነው። ወደ ቀድሞ ወታደር ወዳጆቹ ሄደና ቡድኑ ውስጥ እንዲገቡለት ጠየቃቸው።

የገቡት እነማን ናቸው? ጸሐፊው «አይሁዶች ጎረቤቶቻቸውን ሰለሉ» ይላሉ። ሰላዮቹ በአብዛኛው አይሁድ አልነበሩም፤ ክርስቲያኖች ነበሩ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ጆን ሽሚት የጀርመን ተወላጅ ነው፤ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገለ። ሪፖርቱ ላይ ስሙ አይጻፍም፤ «11» የሚል ቁጥር ነበር የሚጠቀሰው። ሚስቱ አሊስም አብራው ገባች። ስብሰባው ላይ ተቀምጦ ቢራ ይጠጣል፣ መዝሙሩን አብሮ ይዘምራል። ከዚያ ማን መጣ፣ ማን ምን አለ፣ ማን ስለ መሣሪያ ጠየቀ የሚለውን ለሉዊስ ያቀብላል። ከተነቃበት ሊገደል ይችላል። ይህ ሰው «የአይሁድ ሴራ» አካል አይደለም። የማለለትን ባንዲራ ያከበረ ጀርመን አሜሪካዊ ነው።

«ለምን ለፖሊስ አልነገሩም?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፦ ነገሩ። ሉዊስ በዚያው በ1933 ያገኘውን ይዞ የሎስ አንጀለስ ፖሊስ አዛዥ ወደነበሩት ጄምስ ዴቪስ ሄደ። አዛዡ ሰምተው ሳይጨርሱ የሂትለርን ሥራ ያስረዱት ጀመር፤ ጀርመኖች ከአይሁዶች ጋር በኢኮኖሚ መወዳደር ስላቃታቸው የተገደዱበት ነገር ነው አሉት። የከተማዋ እውነተኛ ስጋት ኮሚኒስቶች መሆናቸውንም ጨመሩለት። ሉዊስ ይህን ንግግር በማስታወሻ አስፍሮታል። የፌደራል ባለሥልጣናትም በእነዚያ ዓመታት ዓይናቸው ኮሚኒስቶች ላይ ነበር። ጸሐፊው «ለመንግሥት ቢተዉት» ሲሉ የትኛውን መንግሥት ማለታቸው ነው? በሩ ተንኳኩቷል። ከውስጥ የመጣው መልስ ይህ ነበር።

የሚገርመኝ ሉዊስ ከዚያ በኋላም ከሕግ አለመውጣቱ ነው። ማንንም አላስደበደበም። የሰበሰበውን ደጋግሞ ለባለሥልጣናት ሰጠ፤ ለባሕር ኃይል መረጃ፣ ለፍትሕ ሚኒስቴር ሰዎች፣ ለምክር ቤት ኮሚቴ። ነባሮቹ ጀርመን አሜሪካውያን ማኅበራቸውን ናዚዎቹ እንደነጠቋቸው አይተው በ1934 ክስ ሲመሠርቱ ከጀርባ ደግፏቸዋል። ናዚዎቹ ምን እንደሚሉና ምን እንደሚያስቡ ከተማው በጋዜጣ ያነበበው በዚያ ችሎት ነው። በዚያው ዓመት የማኮርማክና የዲክስታይን ኮሚቴ የሚባለው የምክር ቤት ቡድን ምርመራ ሲያደርግ አንድ የባሕር ኃይል ወታደር ቃሉን ሰጠ። ሳንዲዬጎ ውስጥ «ሲልቨር ሸርትስ» የሚባለው ፋሺስት ቡድን የመንግሥት መሣሪያ ለመግዛት እንደሚሞክርና እሱንም አሠልጣኝ እንዲሆን እንደጠየቀው ተናገረ። ከዚያ ምርመራ ተነሥቶ በ1938 የወጣው ሕግ ለውጭ መንግሥት የሚሠራ ቀስቃሽ ስሙንና ገንዘቡን እንዲያስመዘግብ ያስገድዳል። ሕጉ ዛሬም ይሠራል።

«በአንድ እጅ ይመሩ ነበር» የሚለው ግን ያሳዝነኛል። ይህ አባባል የፋሺስቶቹ የራሳቸው ዋና ክስ ነበር። ጸሐፊው ሳያስቡት የተቀበሉት ይመስለኛል። እውነቱ ተቃራኒው ነው፤ ድርጅቶቹ መስማማት አቅቷቸው ነበር። በመጋቢት 1933 የአይሁድ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ኒውዮርክ ላይ ሰልፍ ወጥቶ የጀርመን ዕቃ አንገዛም አለ። ረቢ ስቲቨን ዋይዝና የአሜሪካ አይሁድ ኮንግረስ በዚያው ወር ማዲሰን ስኩዌር ጋርደንን ሞሉት። የአሜሪካ አይሁድ ኮሚቴና ብናይ ብሪት ግን «ተዉ፣ በጀርመን ያሉትን ወገኖቻችንን ታስፈጇቸዋላችሁ» ብለው ተቃወሙ። ሁለቱም ወገን ያስጨነቀው ነገር እውነት ነበር። በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ አባትና ልጅ በዚህ ሊለያዩ ይችሉ ነበር። አንድ እጅ ቢኖር እንዲህ አይሆንም።

እዚህ ላይ ግን ጸሐፊው የያዙት እውነት አለ። እንደ ሉዊስ ኮሚቴ ያለ ማንም ያልመረጠው የግል ቡድን የዜጎችን ማኅደር ሲይዝ ማሳሰብ አለበት። ሉዊስ ጥንቁቅ ነበር፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ላይሆን ይችላል። ስለ ሳሙኤል ዲክስታይን የጻፉትም ትክክል ነው። ናዚዎችን በምክር ቤት አጥብቀው ያሳደዱት እኚህ ሰው በ1930ዎቹ መጨረሻ ከሶቪየት የስለላ ድርጅት ገንዘብ ይቀበሉ እንደነበር ከሞስኮ ማኅደር የወጡ ሰነዶች አሳይተዋል። አሳፋሪ ነው። ሆኖም የዲክስታይን ጉቦ የሽሚትን ሪፖርት ሐሰት አያደርገውም። የባሕር ኃይል ወታደሩንም ቃል አይሽረውም።

የሆሊውድን ገንዘብ በተመለከተ ብዙ አልልም። በመጋቢት 1934 ሉዊስ የስቱዲዮ ኃላፊዎችን ሂልክሬስት በሚባለው ክበብ እራት ላይ ሰብስቦ ማስረጃውን ዘረጋላቸው፤ መዋጮውም ከዚያ መጣ። አንዳንዶቹ ስቱዲዮዎች እስከ 1940 ድረስ ጀርመን ውስጥ ፊልም ይሸጡ ነበር። በሎስ አንጀለስ የጀርመን ቆንስል ጆርጅ ጊስሊንግ ሲያስፈራራቸው ፊልም ቆርጠዋል። ይህ ነውር ነው፤ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ዋርነር ብራዘርስ ግን በ1934 ጥሎ ወጥቷል። ደግሞስ ለገበያ ብቻ የሚያስብ ሰው ገበያውን ሊያሳጣው የሚችል ስለላ ለምን ይደጉማል? ያው ሰው በአንድ እጁ ፈርቶ በሌላ እጁ ሊረዳ ይችላል። ሰው እንዲህ ነው።

ከባዱ ነጥብ አራተኛው ነው፤ የመናገር ነጻነት። ጸሐፊው የ1944ቱን ችሎት እንደ ዋና ማስረጃ ይዘውታል። ችሎቱ በእርግጥ ክፉኛ ተበላሽቷል። መንግሥት 30 ሰዎችን በአንድ ክስ አጭቆ ሚያዝያ ላይ ዋሽንግተን አቆማቸው። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ተገናኝተው እንኳ አያውቁም። ሁሉም ከጀርመን ጋር ተመሳጥረው የጦሩን ሞራል ለመስበር አሤሩ ተባለ። ጠበቆቹ በየቀኑ ይጮኻሉ፣ ይቃወማሉ። ወራት አለፉ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ዳኛው ኤድዋርድ አይከር በልብ ሕመም ሞቱ። ክሱ ፍርድ ሳያገኝ ቀረ፤ በ1946 ተዘጋ። በሐሳብና በጽሑፍ ብቻ ሰውን እንዲህ መክሰስ ልክ አልነበረም ብለው ያኔም የተቃወሙ ነበሩ። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

ነገር ግን ክሱን የመሠረተው የፍትሕ ሚኒስቴር ነው፤ የአይሁድ ማኅበረሰብ አይደለም። ደግሞም ያ ችሎት የታሪኩ አንድ ምዕራፍ ነው። ሌሎቹን ምዕራፎች ጸሐፊው አላነሷቸውም። ለምሳሌ ጆርጅ ሲልቬስተር ቪሬክን ተመልከቱ። ይህ ሰው የጀርመን መንግሥት ደሞዝተኛ ነበር። በጀርመን ገንዘብ የሚዘጋጁ ጽሑፎች በአንዳንድ የምክር ቤት አባላት ስም ንግግር ተብለው መዝገብ ውስጥ ይገባሉ። ከዚያ በምክር ቤት አባላት የነጻ ፖስታ መብት ተጠቅመው፣ ቴምብር ሳይለጠፍባቸው፣ ወደ አሜሪካውያን ቤት ይላካሉ። ወጪው በአሜሪካ ግብር ከፋይ ላይ ነው። በዚህ ሥራ ሲረዳው የነበረው ጆርጅ ሂል የአንድ የምክር ቤት አባል ጸሐፊ ነበር፤ በሐሰት በመማሉ በ1942 ተፈረደበት። ቪሬክም በዚያው ዓመት ተፈረደበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1943 ፍርዱን ሻረው፤ እንደገና ተከሶ እንደገና ተቀጣ። የተቀጣው ስለተናገረ አይደለም። ማን ከፍሎት እንደሚናገር ስለደበቀ ነው። ይህ ልዩነት የክርክራችን ሁሉ ማዕከል ነው፤ ጸሐፊው ግን አልፈውታል።

የሄርማን ሽቪንም ጉዳይ እንዲሁ ነው። የምዕራብ ዳርቻ የቡንድ መሪ ነበር። በ1939 ዜግነቱን ያጣው በንግግሩ ሳይሆን ዜግነቱን ሲወስድ ባጭበረበረው ወረቀት ነው።

እውነቱን ለመናገር ጸሐፊው ከዚህ የጠነከረ ማስረጃ ነበራቸው፤ አልተጠቀሙበትም። እኔ ላንሳው። ፋሺስቶችን ለመመርመር የተጀመረው የምክር ቤት ኮሚቴ አሠራር በ1938 በምክር ቤት አባሉ በማርቲን ዳይስ እጅ ገባ፤ በ1945 ቋሚ ኮሚቴ ሆነ። በ1947 ዞሮ ሆሊውድን ያዘ። «ኮሚኒስት ነህ ወይ» ተብለው አልመልስም በማለታቸው ከታሰሩት አሥር የፊልም ሰዎች ስድስቱ አይሁዶች ነበሩ። ለ1944ቱ ክስ ከዋሉት ሕጎች አንዱ የሆነው መንግሥትን በኃይል መገልበጥን መስበክ የሚከለክለው የ1940ው የስሚዝ ሕግም በኋላ ኮሚኒስቶችን ለማሰር ዋለ። ለአንዱ የተሳለ ቢላ ሌላውን ቆረጠ። ይህን የማይፈራ ሰው ታሪኩን አላነበበም።

ታዲያ ይህ የሚያሳየው ምንድን ነው? ኮሚቴው ሰዎችን ስለ ሐሳባቸው ሲጠይቅ ተበላሸ። ስለ መሣሪያና ስለ ገንዘብ ሲጠይቅ ግን ሠራ። የሉዊስ ሰዎች ይሰበስቡት የነበረው ሁለተኛውን ዓይነት ነው፤ መሣሪያው ከየት መጣ፣ ገንዘቡን ማን ላከ፣ ከጀርመን መርከብ ላይ እሽጉን ማን አወረደ። ዝም ይበሉ የሚለው መደምደሚያ ከዚህ አይወጣም።

አሁን ቡጢው። ጸሐፊው በየካቲት 20 ቀን 1939 ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የሆነውን በደንብ ገልጸውታል። ወደ 20 ሺህ ሰው፣ የጆርጅ ዋሽንግተን ግዙፍ ምስል፣ ግራና ቀኙ ስዋስቲካ። የቡንዱ መሪ ፍሪትዝ ኩን ሲናገር አይሳዶር ግሪንባም የሚባል የ26 ዓመት የቧንቧ ሠራተኛ ረዳት መድረኩ ላይ ዘሎ ወጣ። የደንብ ልብስ የለበሱት ከበው ቀጠቀጡት፤ ሱሪው ወለቀ፤ ፖሊስ ጎትቶ አወጣው። ፍርድ ቤት 25 ዶላር ቀጣው። ዳኛው ንጹሐን ሰዎች ሊሞቱ ይችሉ ነበር ሲሉት፣ እዚያ በሚሰበከው ምክንያት ብዙ አይሁዶች ሊሞቱ እንደሚችሉ ያውቁ እንደሆነ መልሶ ጠየቃቸው። እኔ ለዚህ ልጅ አንገቴን ዝቅ አደርጋለሁ።

ሜየር ላንስኪ የሚባለው የወንበዴ አለቃም በኋላ ራሱ እንደተናገረው ዳኛ ናታን ፐርልማን የቡንዱን ስብሰባዎች እንዲበትን ጠይቀውታል፤ ሰው እንዳይሞት ብቻ አደራ ብለውት። ኒዋርክ ውስጥም ቦክሰኞችና ወጣቶች እንዲሁ ያደርጉ ነበር። የተደበደበ ናዚ ሌላ ጊዜ ስብሰባ መምጣት እንደሚፈራ አልክድም።

ሆኖም ኩንን ማን ጣለው? ቡጢ አይደለም። የኒውዮርክ ዐቃቤ ሕግ ቶማስ ዲዊ የቡንዱን የሒሳብ መዝገብ አገላብጠው፣ የድርጅቱን ገንዘብ እንደሰረቀ አገኙ። በ1939 ታኅሣሥ ተፈረደበት። የታሰረው በገዛ ተከታዮቹ መዋጮ ነው። በ1943 ዜግነቱን ተነጠቀ፤ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ጀርመን ተባረረ። ጸሐፊው ስለ ግሪንባም ብዙ ጽፈው ስለዚህ የሒሳብ መዝገብ አንድ መስመር አለመጻፋቸው ትልቅ ጉድለት ነው።

ጦርነቱስ? ጃፓን ፐርል ሃርበር የሚባለውን የአሜሪካ የባሕር ኃይል ሰፈር መትታ አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ ስለሆነው ጸሐፊው «ፐርል ሃርበር ሲመታ ሁሉም ነገር በራሱ አለቀ» ይላሉ። በራሱ አላለቀም። በታኅሣሥ 1941 ኤፍቢአይ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የናዚ ሰዎችን ለመያዝ ሲንቀሳቀስ የሉዊስና የባልደረባው የጆሴፍ ሩስ ማኅደሮች ይጠብቁት ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ የተለቀመ ስም፣ አድራሻ፣ ሥራ። ማን ምን እንዳደረገ ተለይቶ የተጻፈ።

ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማየት በዚያው ጊዜ፣ በዚያው ዳርቻ የሆነውን ሌላ ነገር ማየት ነው። ወደ 120 ሺህ የሚጠጉ የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው ተነቅለው በካምፕ ታጎሩ። አብዛኛዎቹ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። የግለሰብ ጥፋት አልተጠየቀም፤ ዘር ተቆጠረ። ሱቁ፣ እርሻው፣ ጀልባው በርካሽ ሄደ። መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ1988 ነው። «ለመንግሥት ተዉት» የሚለው ምክር መንግሥት ሲደነግጥ ምን እንደሚያደርግ ይዘነጋል። ሉዊስ ስለ ናዚዎች ያቀረበው ማኅደር ጀርመኖች በሙሉ ጠላት ናቸው አይልም። እንዲህ ማለትም አይችልም፤ ግማሹን ሪፖርት የጻፉለት ጀርመን አሜሪካውያንና የጦር ጓዶቻቸው ናቸውና።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። ጽሑፍዎ ላይ የሉዊስ የሎስ አንጀለሱ ኮሚቴ «ያገኘውን ለማንም የመንግሥት አካል አሳውቆ አያውቅም» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ሌላው የአተያይ ጉዳይ ነው፤ ልንከራከርበት እንችላለን። ይኼ ግን ፈጽሞ ስህተት ነው። የኮሚቴው ወረቀቶች ዛሬ በካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኖርዝሪጅ ይገኛሉ፤ ሉዊስ ለባለሥልጣናት የጻፋቸው ደብዳቤዎችም እዚያው አሉ። ጽሑፉ አሁንም እየተላከ ስለሆነ፣ ያችን ዓረፍተ ነገር ብቻ እንኳ አርመው ቢለቁት በአክብሮት እጠይቃለሁ።